ያለፈቃዴ የወጣሁት ዳገት

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በወላይታ ሶዶ ከተማ፣ ከባጃጅ ማቆሚያው ወደ ሬዲዮ ጣቢያችን በሚወስደው መንገድ፣ አንድ ጎልማሳ ጋዜጠኛ ያለፈቃዱ ዳገት እንዲወጣ ተደርጓል። በሰውም ሆነ በንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ድርጊቱን የፈጸሙት ግለሰቦች ምስጋና እንኳ ሳይጠብቁ ከአካባቢው ተሰውረዋል።

ጋዜጠኛው እኔ ነኝ።

ከክፉ ሰው ማምለጫ አለ። ፖሊስ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ውሻ አለ፤ ምንም ቢጠፋ መሮጥ አለ (ለእኔ ሳይሆን ለእናንተ ማለቴ ነው)። ከደግ ሰው ግን ወዴት ይኬዳል? እኔ በሙያዬ ጎርፍ ዘግቤአለሁ፣ የመኪና አደጋ ዘግቤአለሁ፣ የስብሰባ መክፈቻ ንግግር ከነመዝጊያው ዘግቤአለሁ፤ እንደ ደግ ሰው ያስቸገረኝ ግን የለም። “ተው!” ስትሉት “ምንም አይደል” ይላችኋል። “አትግፋኝ!” ስትሉት “አታስብ፣ አትከብደኝም” ይላችኋል። የምር ከተቆጣችሁ ደግሞ “ሕመሙ ነው እንዲህ የሚያናግረው” ብሎ ለራሱ ያስረዳና ይብሱን ይገፋችኋል!

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በሻንቶ መንገድ ለዘገባ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሞተር ሳይክል መንገዱን ስቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ሞተሩ ተጠግኖ ዛሬም ሰው ያመላልሳል። ለእኔ ህብለ ሰረሰር ግን መለዋወጫ አልተገኘለትም። ከወገቤ በላይ የድሮው ሰው ነኝ፤ ከወገቤ በታች ያለው ሰውነቴ ትእዛዝ መቀበል አቁሟል። ጋዜጠኛ ነኝና እውነታውን አጣራሁ፣ ተቀበልኩ፣ ወደሚቀጥለው ዜና አለፍኩ። ከተማው ግን እስከ ዛሬ ከዚያው ዜና ላይ አልተነሣም።

መሠረት የምትባል ፊዚዮቴራፒስት አለችኝ። አጭር፣ ቀጭንና ምሕረት የለሽ ናት። የመጀመሪያ ቀን ከፊቴ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ።

“የእግርህን ሥራ ትከሻህ ወርሷል። አሁን ትከሻህ ትከሻም ነው፣ እግርም ነው። ካላጠነከርከው ይበላሻል። እሱ ከተበላሸ ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ ባጃጅ የሚያነሣህ ሰው ዕድሜ ልክህን ትጠብቃለህ።”

“ካጠነከርኩትስ?”

“ካጠነከርከው አትጠብቅም። በል ሳብ!”

የምስበው ካላማዳሪያ፣ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ነው። ከበሩ እጀታ ጋር ታስሯል፤ እኔ እስበዋለሁ፣ እሱ ይስበኛል። ቀጥሎ በእጆቼ ተደግፌ ከወንበሩ ላይ ብድግ እላለሁ፤ መቀመጫዬ ሕመም ስለማይነግረኝ ቁስል እንዳያወጣ ነው። ከስፖርት በፊት ሽንት ቤት፣ በስፖርት መሃል ውሃ፤ ከወገቤ በታች ላብ ስለማይወጣ ሰውነቴ እንደ ቆርቆሮ ቤት ቶሎ ይግላል። ይህን ሁሉ መሠረት እንደ ወታደር አዛዥ እየጮኸች ታሠራኛለች።

ጎረቤቶቼ በዚህ ክፉኛ አዝነዋል። አንድ ቀን እማማ ቦጋለች፣ ከግድግዳችን ማዶ የሚኖሩት፣ ቅቤ የጠገበ ገንፎ ይዘው ሲገቡ እኔ ካላማዳሪያውን ስስብ ደረሱ። ሳህኑን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

“ምን እያደረግህ ነው ልጄ?”

“ስፖርት እየሠራሁ ነው እማማ።”

“ምነው! የቀረህንም ልትጨርሰው?”

ልብ በሉልኝ፤ በሰፈራችን እምነት ጉልበት ማለት በጆንያ ያለ እህል ነው። የተጎዳ ሰው ጆንያው ተቀድዶ የተረፈችው ጥቂት ናትና ተኝቶ ይጠብቃታል እንጂ አያወጣትም። ተኝቶ ደግሞ ይበላል። ሐዘኔታቸው በቅቤ ነው የሚለካው፤ በጣም ያዘነ በጣም ያቀልጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ መሠረት ሸሚዜን ገለጥ አድርጋ “ይህ ሆድ የማን ነው?” ስትለኝ “የጎረቤቶቼ” አልኳት። እውነቱም ይኸው ነበር።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤት እንሂድ። አለቃዬ አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ የጣቢያችን ዋና አዘጋጅ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው (ማስጠንቀቂያ መሆኑን ተገንዝባችኋል ብዬ አምናለሁ)። ከሆስፒታል ስመለስ እንባቸው እስኪመጣ አቀፉኝ፣ “ጀግናችን!” አሉኝ፣ መስኮት ዳር ጠረጴዛ ሰጡኝ፣ ከዚያ በኋላ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ዓለም ከለከሉኝ። መስክ መውጣት ቀረ። ሥራዬ ከየቢሮው የሚላክ መግለጫ ማሳጠር ሆነ። “በደማቅ ሁኔታ ተከበረ” የሚለውን “ተከበረ” አደርገዋለሁ፤ እሳቸው “በደማቅ ሁኔታ”ን መልሰው ያስገቡታል።

በዚህ መሃል ከሁምቦ ወሬ መጣ። ቆላው ላይ ገበሬው ከዘራ በኋላ ዝናቡ ጠፍቷል ይባላል። ይባላል! እኔ ደግሞ “ይባላል” የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አልወደውም። ወደ አቶ ደምሴ ክፍል ገባሁ።

“ሁምቦ ላኩኝ።”

“አንተን?” አሉና ብዕራቸውን አስቀመጡ። “ወንድሜ፣ ለአንተ ትልቅ ነገር አስቤአለሁ። የራስህን ታሪክ ሥራው! አንተው ጠያቂ፣ አንተው ተጠያቂ። ከሥሩ ዋሽንት እናስገባለን።”

“ዋሽንቱ ይቅርብኝ። ሁምቦ ላኩኝ።”

“ሙቀቱስ? አቧራውስ? እዚያ ማን ይገፋሃል?”

“ራሴ።”

አቶ ደምሴ ተነሥተው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ከባጃጅ ማቆሚያው ተነሥታ እስከ በራችን የምትመጣ ዳገት አለች። ሶዶ የዳሞታ ተራራ እግር ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ዳገት አይቸግራትም፤ ይህቺኛዋ ግን ተለይታ የተረገመች ናት። ግማሿ አስፋልት፣ ግማሿ ኮብልስቶን፣ ጫፏ ላይ ደግሞ ቀጥ ብላ ትቆማለች።

“እሺ” አሉ። “ማንም ሳይነካህ ይህቺን ዳገት ከወጣህ የሁምቦው መኪና ያንተ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ ሻይ ስለምጠጣ ራሴ አያለሁ። ወሩ እስኪያልቅ ካልሆነ ግን ሌላ ሰው እልካለሁ፤ አንተም የዋሽንቱን ፕሮግራም ትሠራለህ። ተስማማን?”

ተስማማን። ለመሠረት ነገርኳት፤ መንገዱን መጥታ አየችና “ትወጣታለህ። ሲደክምህ ዊልቸሩን ወደ ጎን አዙረህ ዕረፍ፣ ቀጥ ያለው ላይ ስትደርስ ወደፊት ጎንበስ በል፣ ጎንበስ ካላልክ ወደ ኋላ ትገለበጣለህ” አለችኝ። አስረድታ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ረሳች። የሶዶን ሕዝብ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንዴት እንደሆነ ከላይ ዘግቤአለሁ። ዝርዝሩ ይህን ይመስላል። ገና ከማቆሚያው ተነሥቼ ትንሽ እንደሄድኩ የስፖርት ቱታ የለበሱ ሁለት ወጣቶች ሩጫቸውን ጨርሰው ሲመለሱ አዩኝ።

“ኢሻ! ብቻህን?” አለ አንዱ። ኢሻ በወላይትኛ ወንድም ማለት ነው፤ ይህቺን ቃል በደግ ሰው አፍ ስትሰሙ ፍሬናችሁን ያዙ።

“ብቻዬን ነው፤ ስፖርት እየሠራሁ ነው…”

“አይዞህ፣ እኛ አለንልህ!”

ያዙኝ። መግፋት አይባልም፤ ሮጡብኝ እንጂ! “ልቀቁኝ!” እላለሁ፣ “አይዞህ ጋሼ፣ አንጥልህም!” ይሉኛል። የራሳቸውን ስፖርት ሠርተው ሲመለሱ የእኔንም ደርበው ሠሩልኝ። በሩ ላይ አድርሰውኝ፣ ትከሻዬን ከአቧራ አራግፈውልኝ ሄዱ። ላብ ያላበው የእነሱ ፊት ነበር።

ከበረንዳው ላይ የሻይ ማንኪያ ድምፅና የአቶ ደምሴ ድምፅ ተከታትለው መጡ። “አይቆጠርም!”

ለሁለተኛው ቅዳሜ ተዘጋጀሁ። ካርቶን ቆርጬ በቀይ ቀለም “እባክዎ አይግፉኝ፤ ስፖርት እየሠራሁ ነው” ብዬ ጻፍኩና ከወንበሩ ጀርባ አንጠለጠልኩት። የተማረ ከተማ አይደለም እንዴ? ያነባል! እንዳሰብኩትም አነበበ። አቮካዶ በቅርጫት ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ አንዲት እናት ቆም አሉና ጮክ ብለው ቃል በቃል አነበቡት። ከዚያም ቅርጫታቸውን መሬት ላይ አኖሩ።

“ማነው ይህን የለጠፈበት? ሰው በሰው ላይ እንዲህ ይጨክናል?”

“እኔ ነኝ እማማ፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።”

“አስፈራርተውህ ነው። አውቃለሁ ልጄ፣ አትናገር።”

ካርቶኑን ቀደው ጣሉት። ሰው ተሰበሰበ። ሰው ተሰብስቦ ደግሞ ዝም ብሎ አይገፋም፤ እየገፋ ያጣራል። “ማን ይሆን?” አለ አንዱ። “ሚስቱ ናታ! ከሚስት ውጭ ማን ጀርባው ላይ ይደርሳል?” አለ ሌላው። በአንድ ምንጭ፣ ያውም ባልታየ ምንጭ፣ ዜናው ዳገቱን ከእኔ ቀድሞ ወጣ። እኩለ ቀን ላይ ባለቤቴ ታደለች ከገበያ በባዶ ዘንቢል ተመለሰች።

“እኔ ነኝ አሉ ‘እንዳትረዱት’ ብዬ ጀርባህ ላይ የለጠፍኩብህ?”

“ማን አለ?”

“ሽንኩርት ሻጯ! አልሸጥልሽም አለችኝ እኮ! ‘ለባልሽ ያልሆንሽ ለማን ትሆኛለሽ’ አለችኝ!”

ለሦስተኛው ቅዳሜ ጥበቡን ወደ ብረት አዞርኩት። የሚገፋ ሰው የሚይዘው እጀታ ነው፤ እጀታ ከሌለ ምን ይይዛል? ብየዳ ቤት ሄድኩና የኋላ እጀታዎቹን ቁረጥልኝ አልኩት። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዊልቸሩን ዞሮ ዞሮ አየው።

“ጋሼ፣ እኔ ዕቃ ላይ እጀታ ስበይድ ነው የኖርኩት። ከሰው ላይ እጀታ ቁረጥ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። ሰው በምን ይያዝህ?”

“አይያዘኝ።”

“ብትወድቅስ ‘ማን ቆረጠው’ ሲሉ?” አለና አልቆርጥም አለ። ብሎኑን ፈትቶ እጀታዎቹን በፌስታል አሰረልኝ፤ ወደ ልቦናዬ ስመለስ መልሼ እንዳስገጥማቸው።

ውጤቱን ልንገራችሁ? እጀታ ያለው ዊልቸር ይገፋል፤ እጀታ የሌለው ዊልቸር ይነሣል! ከጸሎት የሚመለሱ አራት ጎልማሶች የሚያዝ ነገር ሲያጡ በአራት ማዕዘን ገቡና ከነወንበሬ ተሸከሙኝ። ከላይ ሆኜ የከተማውን ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ አየሁ። ከአራቱ አንዱ እያለከለኩ ወደ ላይ ቀና ብለው “ወንድሜ፣ ፈውስ እንዳለ ታምናለህ?” አሉኝ።

“እኔ የማምነው በሁለት ምንጭ የተረጋገጠውን ነው” አልኳቸው።

“እኛ አራት ነን!” አሉ።

እንደ ሙሽራ በር ላይ አስቀመጡኝ፣ ጸለዩልኝ፣ ሄዱ። ከበረንዳው “አይቆጠርም!” ተባለ። ድምፁ አዝኗል፤ ግን አይቆጠርም። ወሩ ሊያልቅ አንድ ቅዳሜ ቀረው። መስኮቱ ዳር ያለው ጠረጴዛ ከነመግለጫው ይጠብቀኛል። አቶ ደምሴ ዋሽንት ነፊውን ሳይቀር አነጋግረውት ነበር።

ከበሩ ወደ ማቆሚያው ስወርድ (ቁልቁለት ላይ ማንም አይረዳም፤ ይህንንም አጣርቻለሁ) የባጃጅ ሾፌሮቹ ተሰብስበው ጠበቁኝ። ለሦስት ቅዳሜ ያለ ትኬት ሲያዩኝ ነበር።

“ጋሼ” አለ ባሳ የሚባለው፣ ከሁሉም ለስላሳው። “ሰው ባይነካህ ትወጣታለህ?”

“እወጣታለሁ።”

“አይወጣትም!” አለ ከባጃጁ ውስጥ ጦና። ጦና እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ ተጋድሟል። “ይቅርታ ጋሼ፣ ግን አትወጣትም። የእኔ ባጃጅ እንኳ ሰው ከሞላች እያለቀሰች ነው የምትወጣት። አንተ በእጅ?”

ልነግራችሁ የሚያሳፍር ደስታ ተሰማኝ። ከአደጋው በኋላ ፊት ለፊት “አትችልም” ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ነው! ሌላው ሁሉ “ትችላለህ፣ ትችላለህ” እያለ ይገፋኛል። ጦና “አትችልም” ብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

“ይወጣል” አለ ባሳ።

“አይወጣም። በምን እንወራረድ?”

ሶዶ ውስጥ በምን ይወራረዳል? በጥሬ ሥጋ ነዋ! የተሸነፈው ወገን ያሸነፈውን ወገን ጥሬ ሥጋ በዳጣ ሊጋብዝ ተስማሙ። ዳጣችንን የማታውቁ ካላችሁ፣ ዓይን ከነእንባው አውጥቶ የሚመልስ የበርበሬ ድልህ ነው። ማቆሚያው ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ደንቡን ያወጣው ጦና ነው። “የሌላ ሰው አንድ ጣት እንኳ ከነካው ሙከራው ውድቅ ነው፤ እንደ ተሸነፋችሁ ይቆጠራል።”

በአራተኛው ቅዳሜ ውሃዬን ይዤ፣ ትከሻዬን አሟሙቄ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ማቆሚያው ላይ ስገኝ መንገዱ ግራና ቀኝ በባጃጅ ሾፌር ታጥሯል። መሠረትም መጥታለች፤ እጇን አጣምራ ጥግ ይዛለች። ተነሣሁ። የመጀመሪያው ደግ ሰው ወዲያው ብቅ አሉ፤ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ፣ “ኢሻ…” እያሉ።

“አባባ እንዳይነኩት!” ጮኸ ጦና። “ሥጋ ተይዞበታል!”

ሽማግሌው እንደ እሳት እጃቸውን ሰበሰቡ። እነሆ! በትሕትና ለምኜ፣ በቀይ ቀለም ጽፌ፣ ብሎን አስፈትቼ ያላገኘሁትን ክብር የበሬ ሥጋ በአንድ ቃል አስገኘልኝ። “ሰውየው አይፈልግም” ሲባል ማንም አልሰማም ነበር። “ሥጋ ተይዞበታል” ሲባል ግን ሁሉም ገባው። እንዲያውም ቆመው ቀሩ። የአቮካዶዋ እናት እንኳ ሁኔታው ከተብራራላቸው በኋላ ቅርጫታቸውን አውርደው “እኔ ይወጣል ከሚሉት ጋር ነኝ፤ ሥጋው ግን ይጠበስልኝ” አሉ።

ከዚያ በኋላ እኔን ያስቸገሩኝ የራሴ ደጋፊዎች ናቸው። የባሳ ወገን ሊያሸንፍ የሚችለው እኔ ከወጣሁ ብቻ ነዋ! አንዱ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ብሎ ክርኑን ወደ ወንበሬ ጀርባ ሰደደ። ሌላው ጃኬቱን አውልቆ ከኋላዬ ያራግባል። “ምን እያደረግህ ነው?” ቢሉት “ነፋስ ነው፤ ነፋስ ሰው ነው እንዴ?” አለ። የጦና ሰዎች ጎትተው አወጡት። እንድወድቅ የሚመኙት ሰዎች በዙሪያዬ አጥር ሆነው ጠበቁኝ፤ እንድወጣ የሚመኙት ደግሞ ሊያሰናክሉኝ ይሽሎከለካሉ። ከዚህ በፊት ብዙ ምርጫ ዘግቤአለሁ፤ እንዲህ ያለ ታዛቢ ግን አይቼ አላውቅም።

ግማሽ መንገድ ላይ ዊልቸሬን ወደ ጎን አዙሬ ዐረፍኩ። ውሃ ጠጣሁ፣ ራሴ ላይም አፈሰስኩ። ኮብልስቶኑ ጎማውን ያንገጫግጫል፤ መዳፌ ይፋጃል። ቀጠልኩ። ከጫፉ በታች፣ አንዲት ካርድ ሻጭ ጃንጥላዋን በተከለችበት ቦታ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይነሣል። እዚያ ላይ ጎማውን ስገፋ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሡ።

ዊልቸሩ ወደ ኋላ አዘነበለ።

የመንገዱ ሰው ሁሉ እጅ ወደ እኔ ተዘረጋ። “እጅ እንዳይነካው!” አለ ጦና፣ ድምፁ ተሰባብሮ። እጆቹ ሁሉ እንደተዘረጉ አየር ላይ ቀሩ። “ጎንበስ!” የምትል አንዲት ቀጭን ድምፅ ብቻ መጣች፤ የመሠረት። ደረቴን ጉልበቴ ላይ ጣልኩት። የፊት ጎማዎቹ ተመልሰው መሬት ያዙ። አንድ ጊዜ ገፋሁ፣ ያዝኩ። ገፋሁ፣ ያዝኩ። ትከሻዬ ሁለቱንም ሥራውን በአንድ ጊዜ እየሠራ ነበር። በሩ ታየኝ። የበሩ ቀለም መላጡ ሳይቀር ታየኝ!

በዚህ ጊዜ ከበረንዳው ላይ የሻይ ብርጭቆ የያዘ ሰው በነጠላ ጫማ እየሮጠ ወረደ። ዓይኑ በእንባ ተሞልቷል። አቶ ደምሴ!

“ጀግናችን!” አሉና ብርጭቆውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ በሌላው ጀርባዬን ገፍተው በሩን አስገቡኝ።

ከተማው ፈነዳ።

“ፋውል! ዳኛው ራሱ ገባ!”

“ተሸንፋችኋል! ተነክቷል!”

“ምን ተነካ? ደርሶ ነበር እኮ! ጎል ነው!” ይላል ባሳ አየር ላይ እየዘለለ።

“ትንሽ ናት እኮ!” ይላሉ አቶ ደምሴ፣ ሻያቸው ሸሚዛቸው ላይ ፈሶ። “እኔ እቆጥርለታለሁ! ውሉ የእኔና የእሱ ነው!”

“ሥጋው ግን የእኛ ነው!” አለ ጦና። ከዚያ ሁሉንም በእጁ ዝም አሰኝቶ ወደ እኔ ዞረ። “ጋሼ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ። ንገረን። ሲነካህ ደርሰህ ነበር ወይስ አልደረስክም?”

ሁሉም አየኝ። አቶ ደምሴ በእንባቸው ውስጥ ሆነው ጭንቅላታቸውን ከላይ ወደ ታች ይነቀንቁልኛል፤ “ደርሻለሁ በል” ማለታቸው ነው። መዳፌ ቆስሏል፣ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፣ የሁምቦው መኪና አንዲት ቃል ርቀት ላይ ቆሟል። የፊት ጎማዬ ደፉን አልነካም ነበር። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

“አልደረስኩም” አልኩ።

የባሳ ወገን እንደ ለቅሶ ቤት አጉረመረመ። አቶ ደምሴ ግንባራቸውን ያዙ። የጦና ወገን ግን ያልጠበቅሁትን አደረገ፤ አልጨፈረም። ጦና ጭንቅላቱን እያከከ መንገዱን አየ፣ እኔን አየ፣ የዋና አዘጋጁን እርጥብ ሸሚዝ አየ።

“በእግር ኳስ ፋውል ሲሠራ” አለ፣ “ጨዋታው ይቆማል እንጂ ውጤቱ አይሰረዝም። ጥፋቱ ደግሞ የተጫዋቹ አይደለም። ፋውሉ ከተሠራበት ቦታ ይጀመር።”

ክርክር ተነሣ፣ ክርክሩ ወደቀ። ፋውሉ የተሠራበት ቦታ በኖራ አልተሰመረምና ካርድ ሻጯ ተጠርታ “እዚህ ጋ ነው” ብላ በእግሯ አሳየች። ጎማዬን በመዳፌ እየያዝኩ ወደ ኋላ ተመለስኩ። አቶ ደምሴ ቀይ ካርድ ተሰጣቸው፤ ሁለት ሾፌሮች ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይዘው በረንዳው ሥር አቆሟቸው። “እኔ አለቃው ነኝ!” ይላሉ። “ለእሱ ነው እንጂ ለእኛ አይደሉም” ይሏቸዋል።

ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ጎንበስ አልኩ። ገፋሁ፣ ያዝኩ። ገፋሁ፣ ያዝኩ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ የፊት ጎማዎቼ፣ ወዲያው ቀጥሎም የኋላዎቹ፣ የበሩን ደፍ አልፈዋል። የነካኝ ሰው አልነበረም። የጦና ወገን እኩለ ቀን ላይ ጥሬ ሥጋውን ጋብዟል፤ ከሁሉም አብልጦ የበላውም ጦና ነው። የአቮካዶዋ እናት ድርሻ ተጠብሶላቸዋል። መሠረት ለአንድ ሳምንት ትከሻህን አሳርፍ ብላኝ፣ ሥጋዬን ከሳህኔ ላይ ቀንሳ ለራሷ ወስዳለች። አቶ ደምሴ ሰኞ ጠዋት የመስክ ትእዛዙን ፈርመዋል።

በተከታዩ ሳምንት ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሁምቦ ነበርኩ። መጀመሪያ ያነጋገርኩት ገበሬ በቆሎው በዚህ ጊዜ የቆመ ሰው መደበቅ እንደነበረበት፣ አሁን ግን ከጉልበት እንዳላለፈ ነገረኝ። ማሳው ከመንገዱ ብዙም ስለማይርቅ ሄጄ አየሁት።

አላለፈም።